የበረዶ ሂሳብ፦ አነስተኛ ጄት አውሮፕላኖችና የበረዶ መከላከያ ሥርዓቶቻቸው



 የንግግሩን ርእስ ያነበባችሁ አንዳንዶቻችሁ «እኛ ባለንበት አገር የአውሮፕላን በረዶ ምን ችግር ሆኖ ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። መልሱ ያለው ከራሳችን በላይ፣ በቅርብ ርቀት ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ የሚወርደው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጧል። በክረምት ደመና ውስጥ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን እንግዲህ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በረዶ ሊይዝ በሚችል አየር ውስጥ ይገባል።

ይሁን እንጂ የዛሬው ጉዳዬ የአንድ አገር አየር ሳይሆን አንድ ዓይነት አውሮፕላን ነው፤ ከአራት እስከ ዐሥር ያህል ሰው የሚጭኑት፣ ብዙ ጊዜም አንድ አብራሪ ብቻውን እንዲያበርራቸው የተፈቀዱት አነስተኛ ጄቶች። ላስረዳ የምፈልገውም አንድ ሐሳብ ነው። ከበረዶ መጠበቅ ሁልጊዜ ዋጋ አለው። ዋጋው በሙቀት፣ በሞተር ኃይል፣ በፈሳሽ ወይም በማኮብኮቢያ ርዝመት ይከፈላል። አነስተኛ ጄት የትልቁን ጄት ሰማይ ይጋራል፤ ኪሱ ግን የትንሽ አውሮፕላን ነው። አደጋ የሚመጣውም ሂሳቡ ሳይከፈል ሲቀር፣ ወይም ሂሳብ መኖሩ ጨርሶ ሲዘነጋ ነው።

ከውሃው እንጀምር። ውሃ በዜሮ ዲግሪ በረዶ እንደሚሆን ከልጅነታችን ተምረናል። በደመና ውስጥ ግን ይህ እውነት ሙሉ አይደለም። የደመና ጠብታ ወደ በረዶነት እንዲለወጥ መነሻ የሚሆነው ቅንጣት ያስፈልገዋል። ይህን ካላገኘ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስኪጠጋ ድረስ ፈሳሽ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለው ጠብታ ሰበብ እየጠበቀ የሚንሳፈፍ ነው፤ የአውሮፕላኑ ክንፍ ሲመታው ሰበቡን ያገኛል።

በዚያች ቅጽበትም ቢሆን ጠብታው በሙሉ በረዶ አይሆንም። አንድ ግራም ውሃ በረዶ ሲሆን 334 ጁል ድብቅ ሙቀት ይለቃል። አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ ግን 4.2 ጁል ይበቃል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የነበረ ጠብታ ወደ ዜሮ ለመመለስ የሚያስፈልገው በየግራሙ 42 ጁል ብቻ ስለሆነ፣ ከክብደቱ አንድ ስምንተኛው ገደማ በረዶ ሲሆን ከተለቀቀው ሙቀት የተነሣ የቀረው ውሃ ዜሮ ዲግሪ ይደርሳል። ሰባት ስምንተኛው በረዶ የሚሆነው አጠገቡ የሚያልፈው አየር ሙቀቱን በወሰደለት ፍጥነት ልክ ነው። አየሩ በጣም ቀዝቃዛ፣ ጠብታውም ትንሽ ሲሆን ውሃው ባረፈበት ይጠጥራል፤ በውስጡ አየር ስለሚያምቅም ነጭና ሸካራ ይሆናል። አየሩ ለዜሮ የቀረበ፣ ውሃውም የበዛ ሲሆን ግን ጠብታው ወደ ኋላ እየፈሰሰ ጥርት ያለ፣ መስታወት የመሰለ በረዶ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜም በክንፉ ግንባር ላይ ሁለት ቀንዶች ያበቅላል። ለዓይን የሚያስቸግረውም፣ የአየር ፍሰትን ይበልጥ የሚያበላሸውም ይህ ሁለተኛው ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ በረዶ ይበልጥ የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው ትልቁ ክንፍ ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአውድማ ላይ እህል ሲዘራ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ገለባው ቀላል ስለሆነ ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ፍሬው ግን ከነፋሱ ጋር ለመታጠፍ ስለሚከብድ በራሱ መንገድ ይወድቃል። አየር ወፍራም ክንፍ ሲገጥመው ገና ከሩቁ ቀስ ብሎ መታጠፍ ስለሚጀምር ትንንሾቹ ጠብታዎች እንደ ገለባው አብረውት ይታጠፋሉ። ቀጭን ክንፍ ሲገጥመው ግን የሚታጠፈው በመጨረሻዋ ቅጽበት፣ በጠባብ ቦታ ነው፤ ያን ጊዜ ጠብታዎቹ እንደ ፍሬው ቀጥ ብለው ይመታሉ። ስለዚህ በአንድ ደመና ውስጥ የሚያልፉ ትልቅና ትንሽ አውሮፕላን ቢኖሩ፣ ከስፋቱ አንጻር ብዙ በረዶ የሚሰበስበው ትንሹ ነው። በአንዱ አውሮፕላን ላይም ቢሆን ከዋናው ክንፍ ይልቅ ቀጭኑ አግድም ጅራት ቀድሞ ይይዛል። ጅራቱን ደግሞ አብራሪው ከወንበሩ ሆኖ አያየውም።

በረዶ አውሮፕላንን የሚጥለው በክብደቱ ይመስለናል። አንድ ቀላል ስሌት ይህን ያስተካክልልናል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር፣ ለነፋሱ የሚያሳየው የፊት ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ አውሮፕላን በሰከንድ 100 ሜትር ይብረር። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ደመና ውስጥ ግማሽ ግራም ውሃ ይኑር፤ ከሚገጥመውም ውሃ ግማሹን ክንፉ ይያዝ። ክንፉ በየሰከንዱ 120 ሜትር ኩብ ደመና ስለሚያቋርጥ የሚይዘው ውሃ በሰከንድ 30 ግራም ነው። በዐሥር ደቂቃ 18 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ከአንድ ተሳፋሪ ሻንጣ እምብዛም አይበልጥም። ከ4,700 ኪሎ ግራም በላይ ሆኖ ለመነሣት ለሚችለው እንደ ፌኖም 100 ላለ ጄት ይህ ሸክም ከቁጥር አይገባም።

ጉዳቱ ያለው በቅርጹና በሸካራነቱ ላይ ነው። የደጋ ገበሬ ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ በአንድ ሌሊት የባቄላ ማሳ የሚያጠፋው ውርጭ ሲነኩት የሚጠፋ ስስ ነገር ነው። ክንፍም እንደዚሁ ነው። እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ የሆነ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ስስ በረዶ በግንባሩ ላይ ሲያርፍ፣ አየሩ በክንፉ ገጽ ላይ ተጣብቆ መፍሰሱን ከተለመደው ቀድሞ ይተዋል። አየሩ ከክንፉ ተላቅቆ ክንፉ የማንሣት ኃይሉን በድንገት የሚያጣበትን ይህን ሁኔታ ስቶል እንለዋለን። ንጹሕ ክንፍ ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነት በመመሪያው ተጽፏል። በረዶ የያዘ ክንፍ ግን ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ስቶል ያደርጋል። አብራሪው የሚመለከተው ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቁጥሩ ትርጉም ነው።

ጄት አውሮፕላን ይህን አደጋ በሁለት መንገድ ያመልጠዋል። አንደኛ፣ በጉዞ ከፍታው ከአብዛኛው ደመና በላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፍጥነቱ ራሱ ያሞቀዋል፤ በሰከንድ 200 ሜትር የሚበር አውሮፕላን በደረቅ አየር ግንባሩ ላይ 20 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ነገር ግን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ይህ ሙቀት ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ እንግዲህ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና ሙቀቱን በአንድ ጊዜ ያጣል። ከላይ ሆኖ ጄት የነበረው ከታች ሲደርስ እንደማንኛውም ትንሽ አውሮፕላን ይሆናል። ወደ ኋላ የምጠቅሳቸው አደጋዎች ሁለቱም የደረሱት በዚህ ሰዓት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። በሰከንድ የሚያርፈውን 30 ግራም ውሃ ሙሉ በሙሉ አትንነን ክንፉን ደረቅ እናድርገው ብንል፣ አንድን ግራም ለማትነን 2,500 ጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ ከ75 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል እንፈልጋለን። ነፋሱ የሚነጥቀን ሙቀት ገና አልተጨመረበትም። አንድ 28 ቮልት፣ 300 አምፔር የሆነ ጀነሬተር የሚሰጠው 8.4 ኪሎ ዋት ነው። ሁለት ጀነሬተር ቢኖረንና መብራቱን፣ ራዲዮውን፣ የመስታወት ማሞቂያውን ሁሉ ብናጠፋ እንኳ ከሚፈለገው ሩብ አይሞላም። ውሃውን ሳናተን በፈሳሽነቱ እንዲቆይ ብቻ ብናሞቀው ወጪው በጣም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውሃው ከሞቀው ክፍል አልፎ ወደ ኋላ ይፈስስና ምንም መከላከያ በሌለበት ቦታ ይጠጥራል። ችግሩን ወደ ኋላ አዛወርነው እንጂ አላስወገድነውም።

መሐንዲሶች ለዚህ ሂሳብ ያገኟቸው የመክፈያ መንገዶች በዋናነት አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ከሞተሩ ኮምፕረሰር ትኩስ አየር ቀድቶ በክንፉ ግንባር ውስጥ ማሳለፍ ነው። ክንፉን ንጹሕ አድርጎ በመጠበቅ የሚወዳደረው የለም፤ ፌኖም 300 ክንፉንና አግድም ጅራቱን የሚጠብቀው በዚህ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ያ አየር ሞተሩ ደክሞ የጨመቀው ነው፤ ለክንፉ የተሰጠው ለግፊት አይውልም። የትልቅ አውሮፕላን ሞተር ይህን ይችለዋል። የፌኖም 100 ሞተሮች ግን እያንዳንዳቸው 7.5 ኪሎ ኒውተን ገደማ ብቻ የሚገፉ ናቸው። በላይኛው ስሌታችን መሠረት ትኩሱ አየር በክንፉ ውስጥ 150 ዲግሪ ሙቀት ቢሰጥ በየሰከንዱ ግማሽ ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል፤ ለዚህ መጠን ሞተር ይህ ከባድ ቀረጥ ነው።

ሁለተኛው የጎማ ቡት ነው። በክንፉ ግንባር ላይ የተለጠፈ ጎማ በውስጡ ባሉ ቱቦዎች አየር ተሞልቶ ይነፋና የተሠራውን በረዶ ሰብሮ ይጥላል። በረዶውን ማቅለጥ ስለማይጠበቅበት የሚወስደው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። ፌኖም 100፣ ሳይቴሽን ሙስታንግና ሲረስ ቪዥን በዚህ ይጠቀማሉ። ዕዳው ግን በሌላ በኩል ይመጣል። ቡት በረዶ እስኪሠራ ጠብቆ የሚሰብር ስለሆነ፣ በሁለት መነፋት መካከል ክንፉ መቼም ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ መያዝ ግድ ነው።

ሦስተኛው ፈሳሽ ነው። በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት የታይታኒየም ግንባር በኩል ግላይኮል ያለበት ፈሳሽ እየወዛ ውሃው በረዶ እንዳይሆን ያደርጋል። የሆከር 800 ጄቶች በዚህ ይታወቃሉ። ክንፉን ንጹሕ ያደርጋል፤ ጥበቃው የሚቆየው ግን ታንከሩ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ነው። አራተኛው የኤሌክትሪክ ምት ነው። ከክንፉ ቆዳ በስተጀርባ የተቀመጡ መሣሪያዎች በቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ምት ቆዳውን ስለሚያርገፈግፉት በረዶው ይፈናጠራል። ሆንዳጄት ክንፉን በትኩስ አየር፣ አግድም ጅራቱን ደግሞ በዚህ ዘዴ ይጠብቃል። አንድ አውሮፕላን ሁለት ዘዴ መያዙ ራሱ ሂሳቡ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ያሳያል።

ከእነዚህ ዘዴዎች አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም። የጎማ ቡት በ1930ዎቹ በአሜሪካ በሥራ ላይ ውሏል። ሉዊስ ሮደርት የተባለው መሐንዲስ ክንፍን በሙቀት ከበረዶ በመጠበቅ ሥራው የ1946ን የኮሊየር ሽልማት አግኝቷል። በክሊቭላንድ የሚገኘው የበረዶ ምርምር የነፋስ ዋሻ በ1944 ሥራ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ዕውቀት ዕድሜ ሲጠግብ ግን ከእውነቱ ጋር ስሕተቱም ይወረሳል። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አብራሪዎች «ቡቱን ቀድማችሁ ብትነፉት በረዶው ከላዩ ድልድይ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ቢነፋም አይሰበርም፤ ስለዚህ በረዶው ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር እስኪወፍር ጠብቁ» ይባሉ ነበር። ምክሩ ቱቦዎቻቸው ሰፋፊ፣ አነፋፋቸውም ዘገምተኛ ከነበረው የጥንት ቡቶች የመጣ ነው። ዘመናዊ ቡቶች በጠባብ ቱቦና በከፍተኛ ግፊት በፍጥነት ይነፋሉ፤ ድልድዩም በእነርሱ ላይ አልታየም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2008 ባወጣው ማስጠንቀቂያ አብራሪዎች በረዶ ወዳለበት አየር እንደገቡ ወዲያው ቡቱን እንዲያስነሡ አሳስቧል። ትክክል የነበረ ምክር ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ሰዎች ስሱን በረዶ ተሸክመው እንዲበሩ አደረገ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ አደጋዎች ልለፍ።

በየካቲት ወር 2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አንድ ሴስና ሳይቴሽን 560 በኮሎራዶ፣ ፑዌብሎ ከተማ ለማረፍ ሲቃረብ ስቶል አድርጎ ወደቀ፤ የነበሩት 8 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መርማሪው ቦርድ የደረሰበት ምክንያት ሁለት ወገን አለው። አብራሪዎቹ ፍጥነታቸውን በሚገባ አልተከታተሉም፤ የቡቱንም አጠቃቀም መመሪያ አልጠበቁም። በሌላ በኩል ለበረዶ በረራ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ መስፈርት በቂ ስላልነበረ፣ የስቶል ማስጠንቀቂያው በረዶ ለያዘ ክንፍ በቂ ፋታ አይሰጥም ነበር። ሁለተኛውን ወገን ልብ በሉልኝ፤ ማስጠንቀቂያው የተቀመረው በአብዛኛው ለማይታመመው ንጹሕ ክንፍ ነበር።

በዲሴምበር 2014 ደግሞ አንድ ፌኖም 100 በሜሪላንድ፣ ጌዘርስበርግ ለማረፍ ሲቃረብ መኖሪያ ሰፈር ላይ ወደቀ። በአውሮፕላኑ የነበሩት 3 ሰዎች፣ በአንድ ቤት ውስጥም አንዲት እናትና ሁለት ትንንሽ ልጆቿ ሞቱ። አውሮፕላኑ የሚሠራ መከላከያ ነበረው። ቦርዱ እንዳረጋገጠው አብራሪው በረዶ ባለበት አየር የክንፉንና የጅራቱን ቡት ሳያበራ፣ ለንጹሕ ክንፍ በተወሰነ ዝቅተኛ ፍጥነት ቀረበ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። በዚያ አውሮፕላን ላይ ማብሪያው የሚያስነሣው ቡቱን ብቻ አይደለም። የስቶል ማስጠንቀቂያውም ቀድሞ እንዲጮህ ያዘጋጀዋል። አብራሪውም ለበረዶ የተወሰነውን ከፍተኛ ፍጥነት እንዲይዝ፣ ለእርሱም የሚበቃ ማኮብኮቢያ እንዲፈልግ መመሪያው ያስገድደዋል። አውሮፕላንን ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ 20 ከመቶ ቢጨምር የማቆሚያው ርቀት 44 ከመቶ ያህል ይጨምራል። የዚያ ማረፊያ ማኮብኮቢያ 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ማብሪያው ሲበራ እንግዲህ አብራሪው «ይህ ማረፊያ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ልፈልግ?» ከሚል ጥያቄ ጋር ይፋጠጣል። የአብራሪውን ልብ እኔ አላየሁም፤ አልፈርድበትምም። የማየው የንድፉን ሰንሰለት ነው። ቡት የተመረጠው ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ቡት ጥቂት በረዶ ስለሚተው ፍጥነት ይጨመራል፤ ፍጥነት ሲጨመር ማኮብኮቢያ ይረዝማል። በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የቆጠብነው ኪሎ ዋት ከዓመታት በኋላ፣ በደመና ውስጥ፣ ብቻውን በተቀመጠ ሰው ፊት ሜትር ሆኖ ለክፍያ ይቀርባል።

ሕጉም የተማረው በዚሁ መንገድ፣ በሕይወት ዋጋ ነው። ለብዙ ዘመን የትላልቅ አውሮፕላኖች የበረዶ ፈተና የሚደረገው መካከለኛ ስፋታቸው ከ15 እስከ 50 ማይክሮ ሜትር በሆኑ ጠብታዎች ብቻ ነበር። በጥቅምት 31 ቀን 1994፣ አሁንም በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ አንድ ኤቲአር 72 በኢንዲያና፣ ሮዝሎን አካባቢ ከዚህ እጅግ በሚበልጡ ጠብታዎች ውስጥ ቆይቶ ወደቀ፤ 68 ሰዎች አለቁ። ትላልቆቹን ጠብታዎች ያካተተው መስፈርት በአሜሪካ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው። ለበረዶ የተፈቀደ አውሮፕላን ማለትም ለበረዶ ሁሉ የተፈቀደ ማለት አይደለም። ፈቃዱ ድንበር አለው፤ ከድንበሩ ውጭ ትክክለኛው መከላከያ ከዚያ ደመና መውጣት ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ አውሮፕላን ትነድፋላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ትጠግናላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ታበርራላችሁ። ለነዳፊው የምለው፣ የመረጥከው ዘዴ ከአውሮፕላኑ የሚወስደውን ብቻ ሳይሆን ከአብራሪው የሚጠይቀውንም ጻፍ፤ ሂሳቡ በእርሱ ዓይን ፊት፣ በጊዜው የሚታይ አድርገው ነው። ለጥገና ባለሙያዋ የምለው፣ በቡቱ ላይ ያየሽው ትንሽ ቀዳዳ ወይም ልጥፍ በጠራ ቀን ምንም አይመስልም፤ በደመና ውስጥ ግን የአንድ ክንፍ ግማሽ ጥበቃ ሊሆን ይችላል ነው። ለአብራሪውም የምለው፣ ከመነሣትህ በፊት የማረፊያህን ርዝመት በበረዶው ፍጥነት አስላ፤ ያን ጊዜ ማብሪያው ላይ እጅህን ስታሳርፍ የሚያስጨንቅህ ጥያቄ አስቀድሞ የተመለሰ ይሆናል ነው።

በረዶ ሂሳቡን የሚያስከፍለው ለሁሉም ነው። የእኛ ሙያ ሂሳቡን ማስቀረት አይችልም። ማድረግ የሚችለው መቼና በምን እንደሚከፈል መምረጥ ነው፤ በሙቀት፣ በነዳጅና በማኮብኮቢያ ከከፈልን በሌላ የምንጠየቀው አይኖርም።